ከጅቡቲ ጭኖ ዳገት የሚወጣ ተሳቢ በመብራት ይሠራል ወይ?

የመክፈቻው ጽሑፍ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የመስመር ልጆች። የጅቡቲ መስመር ሹፌርም ባለንብረትም ነኝ። ያለችኝ አንዲት ዩሮትራከር ከነተሳቢዋ ናት፤ ሞተሯ አንዴ ወርዶ ተሠርቷል፣ አሁን ደግሞ ዘይት መጠጣት ጀምራለች። መለወጧ አይቀርም። ጭንቄ ቀጣይዋ ምን ትሁን የሚለው ነው። መንግሥት ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ጭነት በምንጠብቅበት ሻይ ቤት ሁሉ ወሬው አንድ ሆኗል፦ ተረኛው የጭነት መኪና ነው። ማኅበራችን ያመጣው አሠልጣኝም ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲያስረዳ፣ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል ብሎ አዳራሹን በሳቅ ሞላው። ማንም አላመነውም።

የእኔ አቋም ይኸው። ሙቀቱ መጨመሩን አልክድም፤ ገዋኔ ላይ በቀትር ጎማ የፈታ ሰው ሊክደው አይችልም። ለጅቡቲ መስመር የመብራት መኪና ማሰብ ግን የከተማ ሰው ቅዠት ነው። ሚሌ ላይ ሶኬቱን ያሳዩኝ። የማይስማማ ካለ ስድቡን ትቶ በቁጥር ይምጣ።

መልሶቹ

ይህን ጽፌ ጭነት ላይ ወጣሁ። ስመለስ መልሱ ተከምሯል። አዲስ የሚገባው ሰው ከላይ ያለውን ሳያነብ ያንኑ እየደገመ ስላስቸገረ፣ ማን ምን እንዳለ በተራ ቁጥሩ አሳጥሬ አስቀምጫለሁ። አንዳንዱ ላይ የራሴን ጣል ማድረጌ አይቀርም።

መልስ 1 የመጣው ከአዳማ ነው። አመስግኖ፣ በሐሳቤ እንደሚስማማ ገልጾ፣ ለናፍጣ ተሰልፎ ያደረበትን ሌሊት አነሳ። ረዳቱ ካሶኒ ላይ፣ እሱ ካቢና ውስጥ ተኝተው፣ ጠዋት ወረፋቸው ሲደርስ ቀጂው አልቋል ብሎ ገመዱን ዘረጋባቸው። ማደያው ጀርባ ግን ያው ናፍጣ በጀሪካን እየወጣ ነበር። ናፍጣን በወጉ ማዳረስ ያቃተን ሰዎች ቻርጅ ማድረጊያ እናዳርሳለን ማለታችን እንደማይዋጥለት ጻፈ። ሰልፉ ከማደያ ወደ ሶኬት ብቻ ነው የሚዛወረው ባይ ነው።

መልስ 2 ከሰመራ የጻፈ ልጅ ነው፤ አጭር ጥያቄ። በዚያ ሙቀት ስልኩ ዳሽቦርድ ላይ ሲቀመጥ ግሎ ራሱን እንደሚያጠፋ ገልጾ፣ ብዙ ቶን የሚመዝን ባትሪ ከመቀመጫው ሥር ይዞ በረሃውን ማቋረጥ ያስፈራል ወይ ብሎ ጠየቀ። መልሱ ቁጥር 9 ላይ አለ።

መልስ 3 ነገሩን ከሥሩ ነቀለው። የአየር ንብረት ለውጥ የሚባለው የፈረንጅ ተረት ነው አለ። ድርቅ በ1966 ነበር፣ በ1977 ነበር፤ ያኔ አገሪቱ ውስጥ ስንት መኪና ነበርና ነው ጭሱ ዝናብ ያስቀረው? ደግሞስ ኢትዮጵያ ከዓለም ልቀት ውስጥ ያላት ድርሻ አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላ፤ አፍሪካ በሙሉ ተደምራ 4 በመቶ አካባቢ ናት። ፋብሪካ የደረደሩት ሳያቆሙ እኔ ሲኖዬን የማቆመው ለማን ደስ እንዲለው ነው ብሎ ዘጋ። አወራሩ ሻካራ ቢሆንም የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል አይደለችም፤ እስከ መጨረሻው እየተመላለሰች ነው የመጣችው።

መልስ 4 ጡረታ የወጡ አባት ናቸው፤ በዘመናቸው የአሰብ መስመር ሹፌር ነበሩ። ቁጥር 3ን ልጄ ብለው ነው የጀመሩት። በ77 ከአሰብ የእርዳታ እህል በፊያት ኤንትሬ ጭነው ወሎ ያራገፉ ሰው ስለሆኑ፣ ድርቅ አዲስ ነገር አይደለም ለሚለው ማስረጃ እንደማያስፈልጋቸው ገለጹ። ልዩነቱ መመላለሱ ላይ ነው አሉ። በ2008 ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ የጠበቀበት ድርቅ ገና ሳይረሳ፣ ከ2013 ጀምሮ ቦረናና ሶማሌ ላይ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ። ከብቱ አለቀ። ወዲያው በኅዳር 2016 ዋቢ ሸበሌ ሞልቶ፣ ከድርቁ የተረፈውን ጎርፍ ወሰደው። ድሮ ክፉ ዘመን መጥቶ ሲሄድ ሰው የሚተነፍስበት ጊዜ ያገኝ ነበር፤ አሁን የሚያገግምበት ፋታ የለውም ነው ነገራቸው። ረሃቡን ሰማይ ብቻውን እንዳላመጣው፣ ጦርነትና መንግሥትም እጃቸው እንዳለበት አልሸሸጉም። ከቁጥር 3 በስተቀር ሁሉም አመስግኗቸዋል።

መልስ 5 ከእሳቸው ጋር ለመስማማት ብሎ መተሐራ ላይ ያለውን የበሰቃ ሐይቅ ጠራ። መንገዱን እየበላ፣ ሐዲዱን እያሳደደ የመጣው ውሃ የአየር ንብረት ለውጥ ካልሆነ ምንድን ነው አለ።

መልስ 6 መተሐራ ያደገና መስኖ ላይ የሠራ ሰው ሆኖ ተገኘና በጨዋ ቋንቋ አረመው። በሰቃ እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ነው። የተስፋፋው ግን ዝናብ ስለጨመረ አይደለም፤ ከአካባቢው መስኖ የሚተርፈው ውሃና የከርሰ ምድር ውሃ ወደዚያ ስለሚሄድ ነው። እያንዳንዱን መዓት በአየር ንብረት ለውጥ ካሳበብን፣ ቦይ ያላስተካከለው ሰው ነጻ ይወጣል አለ። ይህን መልስ ወድጄዋለሁ። ሙቀቱን የሚያምን ሰውም ማስረጃውን መምረጥ አለበት።

መልስ 7 ወደ አሠልጣኙ 2.7 ኪሎ ተመለሰና ቀለደበት። አንድ ሊትር ናፍጣ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ከየት አምጥቶ ነው ወደ ሦስት ኪሎ የሚጠጋ ጭስ የሚወልደው? ሚዛን ጣቢያ የሚሠራ ሰው ነው ያሠለጠናችሁ ብሎ ሳቀ።

መልስ 8 የኬሚስትሪ መምህር ናት። ሳቁን አልፋ ቀጥታ አስረዳችው። የአንድ ሊትር ናፍጣ ክብደት 840 ግራም አካባቢ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ከ700 ግራም በላይ የሚሆነው ካርቦን ነው። ሲቃጠል እያንዳንዱ የካርቦን አቶም ከአየር ላይ ሁለት ኦክስጅን ይይዛል፤ 12 የሚመዝነው 44 ይሆናል። ሞተሩ የሚስበው አየር ለዚህ ነው፤ ተጨማሪው ክብደት ከታንከሩ ሳይሆን ከአየር ማስገቢያው የገባ ነው። ጨምራም፣ የሚታየው ጥቁር ጭስና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተለያዩ መሆናቸውን ነገረችን። ጥቁሩ በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ናፍጣ የሚረጨው ካላማዮ ሲስተካከል ይቀንሳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም፤ የሚቀንሰው ናፍጣው ሲቀንስ ብቻ ነው። ቁጥር 7 እግዜር ይስጥልኝ ብሎ አለፈ። በዚህ ሁሉ ንትርክ ውስጥ ተረትቶ ያመሰገነ ሰው እሱን ብቻ አየሁ።

መልስ 9 የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ የሚል ነው፤ በቁጥር ይምጣ ያልኩትን በቁም ነገር ወስዶታል። አስቀድሞ ለቁጥር 2 መለሰ። የጭነት መኪና ባትሪ የራሱ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚዞርበት ስለሆነ እንደ ስልክ አይዘጋም፤ ግን ማቀዝቀዣው ራሱ ከባትሪው ይበላል፣ በከባድ ሙቀት ደግሞ በፍጥነት መሙላት ያዳግታል። ከዚያ ወደ ዳገቱ ገባ። ጅቡቲ ባሕር ጠርዝ ናት፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። 400 ኩንታል የጫነ መኪና ከነተሳቢው 60 ቶን ይመዝናል ብንል፣ ይህን ክብደት ወደዚያ ከፍታ ለማንሳት ብቻ 300 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ያስፈልጋል። መንገዱን ለመንከባለል ሳይሆን ለመነሳት ብቻ ነው። በላዩ ላይ ከ800 በላይ ኪሎ ሜትር አለ፤ በእሱ ግምት 60 ቶን በኪሎ ሜትር 1.7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ሲደመርና በሞተሩ የሚባክነው ሲታከል ወደ 1,750 ይጠጋል። አሁን አውሮፓ ውስጥ ለረጅም ርቀት ከሚሸጡት አንዱ፣ የመርሴዲስ ኢአክትሮስ 600፣ የሚይዘው 621 ነው። ስለዚህ በአንድ ምልስ ቢያንስ ሦስት ሙሉ ባትሪ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥር 9 በዚያው ስሌት ወደ ናፍጣ ሲመልሰው፣ ከአንድ ሊትር ውስጥ ካለው 10 ኪሎዋት ሰዓት ሞተሩ ለጎማው የሚያደርሰው 4 አካባቢ ነው፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል አለ። 1,750ን ለ4 ሳካፍለው በ100 ኪሎ ሜትር ከ50 ሊትር ትንሽ ከፍ ያለ ነገር መጣ። ጭኜ ስወጣ መኪናዬ የምትጠጣው ይኸው ነው። ሰውየው መሪ ይዞ ባያውቅም ሒሳቡን ያመንኩት ከዚህ በኋላ ነው።

መልስ 10 ወዲያው ያዘው። የመብራት መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ራሱን ቻርጅ ያደርጋል፤ ዳገቱን ቆጥረህ ቁልቁለቱን ለምን ደበቅክ ብሎ ጠየቀ። ፍሬን ሸራ የማይበላ፣ ሞተር ፍሬን ሲነካ ባትሪ የሚሞላ መኪና በቪዲዮ አይቷል።

መልስ 11 መሐንዲሱ ነው፤ ለእኔ የክርክሩ እምብርት እዚህ ነው። ቁልቁለቱ እውነት ነው፣ ግን የምንወርደው ባዶ ነው አለ። ቡናና ጥራጥሬ የጫነው ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው መኪና ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ጎማውን ብቻ ይዞ ነው። 20 ቶን ከሞጆ ወደ ባሕር ሲወርድ በወረቀት 100 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ቢኖረውም፣ ከዚያ ተመልሶ ባትሪ ውስጥ የሚገባው ከፊሉ ነው። አገራችን ወጪ ንግዷ ከገቢዋ ያነሰ በመሆኑ የዳገቱን ዕዳ በሙሉ ጭነት እንከፍላለን፣ የቁልቁለቱን ትርፍ በባዶ እንቀበላለን። ማዕድን ከተራራ ጭኖ የሚወርድ፣ ባዶውን የሚመለስ መኪና ቢሆን ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆን ነበር አለ። የንግድ ሚዛን የሚሉት ነገር ከመሪዬ ጋር እንዲህ ይገናኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

መልስ 12 ከዳላስ ነው። አሜሪካ የራሱን ትራክ የሚነዳ ሐበሻ፤ ረጅም ጽፏል። መጀመሪያ የናፍጣውን ጣጣ ዘረዘረ። እዚያ አዲስ ትራክ የጭስ ማጣሪያ አለው፤ ዴፍ የሚባል ፈሳሽም ካልተጨመረ ወይም ማጣሪያው ከታፈነ ኮምፒዩተሩ ጉልበት ይቀንስና መኪናው መሐል ሀይዌይ ላይ ይጎተታል። ስለዚህ ሹፌሩ የአየር ንብረት ሕግ ሲባል ትዝ የሚለው ያኔ ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው ቢጫ ምልክት ነው። ኤሌክትሪኩንም አይቶታል። የቴስላ ሴሚ በታኅሣሥ 2022 እንደ ፈረንጁ ለፔፕሲ ተሰጠ፣ በአንድ ሙሌት እስከ 800 ኪሎ ሜትር ይባልለታል። የባትሪው ክብደት ጭነት ስለሚቀንስ የፌዴራሉ ሕግ ከ80,000 ፓውንድ በላይ 2,000 ጨምሮለታል። ካሊፎርኒያ ወደብ ላይ ኮንቴይነር የሚያመላልሰው ትራክ ወደ ኤሌክትሪክ እንዲዞር ያወጣችው ደንብ ነበር፤ ጥር 2025 ላይ ከፌዴራል የጠየቀችውን ፈቃድ ራሷ ስባዋለች። ስለ ሃይድሮጅን ለሚጠይቁ ደግሞ ኒኮላ የሚባለውን የትራክ ኩባንያ ነገር ነገራቸው፦ እ.ኤ.አ. በ2018 በለቀቁት ቪዲዮ ላይ የሚሮጠው ትራክ ቁልቁለት የተለቀቀ ነበር፤ መሥራቹ በማጭበርበር ተፈረደበት፣ ኩባንያው በየካቲት 2025 ከሰረ። (መሥራቹ በኋላ ምሕረት ማግኘቱን መልስ 14 ላይ ሌላ ሰው አከለ።) አንድ ነገር ግን ለኤሌክትሪኩ መሰከረ። በአሜሪካ ሕግ ሹፌር በቀን ከ11 ሰዓት በላይ አይነዳም፣ 8 ሰዓት ከነዳ በኋላ የግድ 30 ደቂቃ ያርፋል። እረፍቱ የታወቀ ስለሆነ ቻርጁን ከእረፍቱ ጋር ማጣመር ይቻላል። እኛ ዘንድ እንቅልፍ እየታገለ ጫት ቅሞ ለሚያነጋ ሹፌር ይህ ሕግ ቢኖር ከካርቦኑ በፊት ነፍስ ያተርፍ ነበር አለ። ልክ ነው።

መልስ 13 ይህን ሁሉ አንብቦ የጠየቀው የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ስንት ይፈጃል፣ ኩባንያ ቪዛ ያመጣል ወይ የሚል ነው። ከሥሩ አምስት ሰው እኔም እኔም ብሎ ተሰለፈ። ክርክሩ ሊበተን ሲል መልስ 14 ተቆጣ፤ ስለ ኒኮላ ያለውን ከጨመረ በኋላ ቪዛ ፈላጊ የራሱን ጥያቄ ይክፈት፣ እዚህ የምናወራው ስለ ናፍጣ ነው ብሎ በተናቸው። ዳላሱ ግን ሆዱ አልቻለም መሰል፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ አላቸው።

መልስ 15 ከስዊድን የመጣ በጎ ሐሳብ ነበር። እነሱ ዘንድ ከተጣለ ዘይትና ከሞራ የሚሠራ ናፍጣ አለ፤ ያው ሞተር፣ ያው ታንከር፣ ምንም ሳይለወጥ ይሠራበታል። አዲስ መኪና ከመግዛት ነዳጁን መለወጥ አይቀልም ወይ አለ።

መልስ 16 በዚህ ተደስቶ፣ እኛም ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል እያወጣን ስንቀላቅል ኖረናል፣ ለምን ለመኪናችን አይሰጠንም ብሎ ተቆጨ።

መልስ 17 ማደያ የሚሠራ ሰው ነው፤ አረመው። ኢታኖል የተቀላቀለው ከቤንዚን ጋር ነው፣ መጀመሪያ 5 በመቶ፣ በኋላ 10። ናፍጣ ሞተር ላይ ዝም ብሎ ኢታኖል የሚጨምር ፖምፓውን ይሰናበት። ለናፍጣ የታሰበው ጃትሮፋና ጉሎ ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ስንት ሄክታር መሬት ተሰጠለት፣ ገበሬውም ተክሎ ገዢ ያጣበት አካባቢ አለ። ስዊድን የተጣለ ዘይት ሰብስባ ትነዳለች፤ እኛ የጠበስንበትን ዘይት ጨርሰን ነው የምንበላው፣ የሚጣል ከየት ይመጣል አለ። ሳቄን አልቻልኩም።

ከዚህ በኋላ ጨዋነቱ አለቀ። መልስ 18 የባቡሩን ነገር አነሳ። ለጅቡቲ መስመር ከናፍጣ ሌላ አማራጭ ተፈልጎ ከሆነ ተሠርቶ ቆሟል አለ፦ ከሰበታ እስከ ጅቡቲው ነጋድ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በ2009 መጀመሪያ የተመረቀ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሐዲድ። ባትሪ አይሸከም፣ ቻርጅ አይጠብቅ፣ ሽቦው ከላዩ ነው። የቁጥር 9 ዳገትም አያሳስበው። የአገሪቱ መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው፤ ህዳሴው 5,150 ሜጋዋት ይዞ ጳጉሜን 4፣ 2017 ተመርቋል። ከ2011 እንደ ፈረንጁ ጀምሮ ለጅቡቲ መብራት እንሸጣለን። እንግዲህ መብራታችን በሽቦ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፣ ናፍጣው በቦቴ ከጅቡቲ ይወጣል፤ ቦቴው ራሱ ናፍጣ እያቃጠለ። ይህን ያየ የውጭ ሰው ምን ይለን ይሆን ብሎ ጠየቀ።

መልስ 19 ቱግ አለ። ባቡሩ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ እኮ ይኸኔ እዚህ የምትከራከሩ ሁላችሁ ቤታችሁ ተቀምጣችኋል፤ ደመወዝህን የሚከፍልህ ሐዲዱ ካልሆነ በስተቀር ስለ ባቡር የምታወራበት ምክንያት የለም አለው። አብዛኛው ጭነት ዛሬም በመኪና የሚገባው ባቡሩ በር ድረስ ስለማያደርስ ነው። ማዳበሪያው ከጣቢያ ወደ ገበሬው ማኅበር በእግሩ አይሄድም።

መልስ 20 ስድብ ነበር፤ አጥፍቼዋለሁ። የቁጥር 18ን እናት የሚነካ ነገር እዚህ አይጻፍም።

መልስ 21 ደግሞ ሁላችንንም አንድ ላይ ከሰሰ። ስለ አየር ንብረት የምታለቅሱ ሹፌሮች፣ ከአዋሽ እስከ ገዋኔ መንገድ ዳር የተደረደረውን ከሰል በካቢናና በካሶኒ ላይ ደርድሮ የሚገባው ማን ነው? ግራሩን ያስጨረሰው የእናንተ ሃምሳና መቶ ማዳበሪያ ከሰል አይደለም ወይ? ጭነት ላይ ከምታገኙት ከሰሉ ላይ የምታገኙት የሚበልጥባችሁም አላችሁ አለ። ዝም የሚያሰኝ ነገር ነው። እኔም ለቤት የሚሆን አንድ ሁለት ሳልይዝ ገብቼ አላውቅም።

መልስ 22 ተከላካይ ሆኖ መጣ። አሁን የሚሸጠው አብዛኛው የፕሮሶፒስ ከሰል ነው፤ ያ እሾሃም ዛፍ ከውጭ መጥቶ የአፋርን ግጦሽ የወረረ ስለሆነ ቢቆረጥ ጽድቅ ነው አለ። ቁጥር 21 አላረፈለትም፤ ማዳበሪያው ከተሰፋ በኋላ ፕሮሶፒሱን ከግራሩ ለይቶ የሚያውቅ ሹፌር ካለ ያሳየኝ አለው። እዚያው ላይ ተፋጠው ቀሩ።

መልስ 23 የመርካቶ መካኒክ ነው፤ እንደ ወንድም ተማጠነ። የመብራት መኪና ፍሪሲዮን የለውም፣ እንደ እናንተ ካምቢዮ የለውም፣ ማርሚታ፣ ካላማዮ፣ ዘይት ፊልትሮ የለውም። ባለንብረቱ ይደሰት፤ እኔ የምበላው ከምን ላይ ነው? አንድ የመብራት አውቶሞቢል ጋራዡ ገብቶ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ምልክት የሚያነብለት ኮምፒዩተር አጥቶ እንደቆመ፣ ባለቤቱም ከአስመጪው መልስ እየጠበቀ እንደሆነ ነገረን። ሚሌ ላይ ሶኬት ቢኖር እንኳ፣ ሚሌ ላይ ሲበላሽ የሚፈታው ማን ነው? ናፍጣ መኪና እኮ ረዳቱም በሽቦና በላስቲክ አስሮ ያስገባዋል።

መልስ 24 ሐሳቤን ከሁሉም በላይ ያንቀሳቀሰው ነው። የአሸዋና የጠጠር ሲኖ ባለቤት ነው፤ አዲስ አበባ ዙሪያ ይሠራል። እናንተ ጅቡቲን ሙጥኝ ብላችሁ ነው የተጣላችሁት አለ። የእሱ መኪና በቀን የምትሄደው ርቀት አጭር ነው፣ ማታ ግቢው ውስጥ ታድራለች፣ ካሶኒ ሞልታ የምትመጣው ከካባ ቁልቁል ነው፤ ባዶዋን ትወጣለች። ማለትም ቁጥር 11 ተገላቢጦሽ ያለው እኔ ነኝ አለ። ናፍጣ ጥር 2017 ላይ በሊትር ወደ 99 ብር ከተጠጋ ወዲህ ሒሳቡን በየቀኑ እየሠራ ነው። ሲሚንቶ አመላላሹ፣ ቆሻሻ የሚያነሳው፣ ከሞጆ ቃሊቲ ኮንቴይነር የሚያመላልሰው ሁሉ ከእሱ ጋር ነው። ከባዱን ከመጨረሻው ትታችሁ ከቀላሉ ለምን አትጀምሩም?

መልስ 25 ቻይና ተመላልሶ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ነው፤ ቁጥር 24ን ደገፈ። እዚያ ወደብና ማዕድን ማውጫ ላይ ባትሪው ከካቢናው ጀርባ ተቀምጦ በክሬን ይነሳል፣ የሞላው ይተካል፣ 5 ደቂቃ አካባቢ ነው የሚፈጀው። ሹፌሩ ሽንት ሸንቶ ሳይመለስ ያልቃል። ባትሪውን ባለመኪናው አይገዛውም፣ ይከራየዋል፤ የመኪናው ዋጋ በዚያ ይቀንሳል።

መልስ 26 ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰበት። አንድ መኪና በአንድ ሰዓት 600 ኪሎዋት ሰዓት ሊሞላ 600 ኪሎዋት ይጎትታል፤ አሥር መኪና ቢሰለፍ 6 ሜጋዋት ነው፣ የአንዲት ትንሽ ከተማ መብራት። ግድቡ ቢሞላ መስመሩና ትራንስፎርመሩ አይችለውም። ቤቴ በሳምንት ስንቴ እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ አለ። ደግሞ ቁጥር 4 የነገሩንን ድርቅ አትርሱ፤ መብራታችን በሙሉ ከውሃ ከሆነ፣ ዝናቡ የቀረ ዓመት መኪናውም ይቀራል። የሁሉንም እንቁላል አንድ ቅርጫት ውስጥ የምትከቱት ለምንድን ነው ለማለት ነው። ቁጥር 3 እዚህ ላይ ብቅ ብሎ፣ ይኸው እኔስ ምን አልኩ አለ፤ ምንም እንዳላለ ሦስት ሰው ነገረው።

መልስ 27 ነገሩን ወደ ሥራ አወረደው። የአንድ ትራንስፖርት ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ናት። ሞጆ አካባቢ ግቢ ያላቸው ባለንብረቶች በጋራ አንድ ትራንስፎርመር ቢያስገቡ፣ ከሞጆ አዲስ አበባ ለሚመላለሱ መኪኖች ሌሊት ሌሊት መሙላት እንደሚቻል፣ ሰው ከተኛ በኋላ ደግሞ የመብራት ጫናው እንደሚቀንስ ጻፈች። ፈቃደኛ የሆነ ስሙንና የመኪናውን ዓይነት ያስመዝግብ አለች። ይህን እስክጽፍ ሰባት ሰው ተመዝግቧል፤ ቁጥር 24 የመጀመሪያው ነው። እኔ ግቢ የለኝም፣ ግን ስብሰባው ሲጠራ እገኛለሁ ብያለሁ።

መልስ 28 ቦቴ ሹፌር ነው፤ እስካሁን ዝም ብሎ ሲያነብ ኖሯል። ሁላችሁም ናፍጣ ይቅር አይቅር ስትሉ እኔን ያሰበኝ የለም አለ። ሌላው መኪናውን ቢለውጥ ጭነቱ አለለት፤ የእኔ ጭነት ግን ራሱ ናፍጣው ነው።

መልስ 29 ሊያጽናናው ብሎ ቦቴው የምግብ ዘይት ሊጭን እንደሚችል፣ ፓልም ዘይትም በዚያው ወደብ እንደሚገባ ነገረው።

መልስ 30 ያው የቦቴው ሹፌር ነው። ስንት ዓመት ናፍጣ የተመላለሰበት ታንከር በምን ታጥቦ ነው ሰው የሚበላው ዘይት የሚገባበት፣ የማጠቢያውንስ የምትከፍልልኝ አንተ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው።